የካርዱ ጀርባ

ከመርከብ ወደቡ ዝቅ ብሎ፣ ከሾላው ሥር፣
ቆርቆሮ ሱቅ አለኝ፤ ፊቱ ወደ ባሕር።
ሙዳይ እሸጣለሁ፣ የደንገል ታንኳዎች፣
ክንድ የማይሞሉ፣ የመደርደሪያ ጌጦች።
እንግዳ ሲመጣ «የእጅ ሥራ ነው» እላለሁ፤
የማን እጅ እንደሆነ ከጠየቀኝ ግን፣
«የአካባቢው ሰው» ብዬ አልፈዋለሁ።

ዋጋውንም ላውራ፣ ካነሣሁት አይቀር፦
አንዷን ታንኳ ከጦይባ፣ በመቶ ሃያ ብር፤
ለእንግዳ በስድስት መቶ።
መሀሉን አትጠይቁኝ፤
መሀሉ ኪራይ ነው፣ ግብር ነው፣ የልጄ ጫማ ነው፤
ደግሞም ትንሽ (አልዋሽም)
ትንሽ ሌብነት ነው።

ጦይባ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤
ሸክሟ ቀላል፣ መንገዷ ሩቅ።
በራቸው ላይ ይበቅል የነበረው ደንገል
ዛሬ ሆቴል ቆሞበታል፤ ያበራል በሌሊት።
ባሏ ሸምሱ አሁን፣ ከአባይ መውጫ ማዶ፣
ደረቱ ድረስ ገብቶ ነው የሚያጭደው ማልዶ።
ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይገላበጣል፤
እኩሉ ይሰነጠቃል፣ እኩሉ ይሻግታል።
ከተረፈው ነው እሷ፣ ውኃ ነክራ አለስልሳ፣
ጉማሬ ያየች ይመስል፣ አፍንጫዋን ሽቅብ አንሥታ
የምታቆማት ታንኳ።

አምና በጥር፣ አክስቴ የውብዳር
ቤተልሔም ተሳልማ ስትመለስ፣
ለደብሩ ሻማ፣ ለእኔ ማንኪያ አመጣች።
«የወይራ ነው!» አለች።
ሳቅኩ። ወይራማ እኛ ጋ፣
የወተት ቅል ማጠኛ፣ የከብት መንጃ በትር፤
ይህንን ለመግዛት ነው፣ እቴ፣ የተሻገርሽው ባሕር?

ማንኪያው አንገት ላይ ግን፣ በሲባጎ የታሰረች
የመዳፍ እኩሌታ የምታህል ካርድ ነበረች።
በአንድ ፊቷ እንግሊዝኛ፤
የአክስቴ ቅባ ቅዱስ ፈስሶበት፣ ተዝረክርኳል።
በሌላው ፊቷ ዐረብኛ፤
እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?

ጦይባ አነበበችው።
በልጅነቷ፣ መስጊዱ ጓሮ፣ ከሉሕ ላይ የለቀመችው ፊደል
ሠላሳ ዓመት ተኝቶ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ነቃ።
«ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አልችልም» አለች አስቀድማ፤
ከዚያ ጣቷን አስጎንብሳ፣ ደንገል እንደምታጥፍ፣ በዝግታ፦
«ጂ... ር... የ... ስ።
ቤት... ሳ... ሑ... ር።
ይሄኛው ሰው ነው፤ ይሄኛው ቁጥር።»

ቁጥሩን አክስቴ ፈታችው፤
ሻጯ ሴትዮ ነግራት ነበር፦
ለጠራቢው በእጁ የተከፈለው ነው፣ ገዢው እንዲያየው የተጻፈ።
መንገድ በተዘጋ ወራት፣ ተሳላሚ በጠፋ ጊዜ
ጂርየስ መጥረቡን አይተውም አሉ፤
ከሩቅ የሚገዛው አለ፣ ሳይከራከር የሚከፍል።

ጦይባ ዝም አለች። ማንኪያውን አሸተተች፤
ዳር ዳሩን በጥፍሯ ሄደችበት።
«እዚህ ጋ ቢላው አምልጦት ነበር» አለች፣ «ግን አቃንቶታል።»
ሠሪ ሠሪን የሚያውቀው፣ ለካ በስሕተቱ ኖሯል።

ከዚያ ቀና ብላ፦
«ጋሽ ታፈረ፣ እኔስ የት አለሁ?»

ከደረሰኝ ጥራዜ ጀርባ ወፍራሙን ወረቀት ቆረጥኩ፤
«ጦይባ እንድሪስ፣ ባሕር ዳር» ብዬ ጻፍኩ።
«ቁጥሩስ?» አለች።

ብዕሬ ቆመ።
ሐይቁ ላይ አንድ ይብራ ጠለቀ፤ እስኪወጣ ጠበቅኩ።
መቶ ሃያን መጻፍ ምን ይከብዳል?
ግን ከስድስት መቶው ጎን ሳስቀምጠው በሐሳቤ፣
ታንኳዋን ሳይሆን እኔን አየሁ፣ ለሽያጭ ተሰቅዬ።

ሦስት መቶ ጻፍኩ።
ወረቀቱ እንዳይዋሽ፣ መሳቢያዬን ስቤ ከፈልኩ።
ደግ አትበሉኝ፤ ያፈረ ሰው ነኝ።
የዐሥር ዓመቱን ሐሙስ በየትኛው ካርድ ልጻፈው?

ማንኪያው አይሸጥም፤ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል።
እንግዶች ካርዱን ይገለብጣሉ፤
አንዳንዱ ይገዛል፣ አንዳንዱ
«ተወደደ» ብሎ ወደ ጀልባው ይሄዳል።
የልጄ ጫማ ለጊዜው ተሰፍቷል።

ባለፈው ሐሙስ ጦይባ
ካርዱን ያሰርኩበትን የላስቲክ ክር በጥርሷ በጥሳ፣
ቀጭን የደንገል ገመድ ገምዳ አሰረችበት።
«ይኼም ሥራ ነው» አለች፤
«አምስት ብር ጨምርበት።»